የቆጡ እንጨት

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የላብራቶሪ መዝገብ ነበር። ጡረታ ስወጣ ካልተጻፈባቸው ሁለቱን ይዤ ወጣሁ፤ ማንም ምን ይዘሃል አላለኝም። ገጹ በመስመር ተከፋፍሏል፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የናሙና ዓይነት፣ ውጤት። ሠላሳ አንድ ዓመት በመስመሩ ውስጥ ጽፌያለሁ፤ ከእንግዲህ መስመሩን እያቋረጥኩ ነው የምጽፈው።

የምጽፈውም ዛሬ በሬ ስለተንኳኳ ነው። ከመብራት ቆጣሪ አንባቢው በቀር ሰው ካንኳኳ ወር አልፎታል።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ቀይ ዶሮ በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋለች።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ምን እንደነካት አላውቅም። እርስዎ ደም ያያሉ ሲሉ ሰምቼ ነው።"

"እኔ የማየው የሰው ደም ነው እህቴ።"

"ታዲያ የእሷስ ቀይ አይደል?"

አስገባኋት። ዶሮዋ ዓይኗን ጨፍና ክንፏን ጥላለች፤ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ኩክኒ ነጥቷል፣ ኩሷ አረንጓዴ ነው። ማይክሮስኮፑን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ክሊኒኩ አዲስ ሲገዛ አውጥቶ የጣለው ነው፤ አንዱ የዓይን መስታወት ስንጥቅ አለበት፣ ግን ያሳያል። ባለቤቴ ከሞተች ጀምሮ አልነካሁትም ነበር።

ደሙን ከክንፏ ሥር ወሰድኩ። ሰፊዋ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ጥሩ ረዳት ይወጣት ነበር። የመስታወት ስላይድ ላይ አሰጣሁ፣ አደረቅኩ፣ ቀለሙን አፈሰስኩበት። ቀለሙ እስኪይዝ ሠላሳ ደቂቃ ነው። "ሠላሳ ደቂቃ?" አለች፣ ተቀመጠችም። ሻይ አፈላሁ። ስለ መርፌ ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ልኬቷን እየዋሸች ስለምታሰፋ አንዲት ደንበኛዋ አወራችኝ። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ በቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ ነበር።

ያየሁትን ነገ እጽፋለሁ። ደክሞኛል፤ ደስ የሚል ድካም ነው።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ትናንት አልጻፍኩም፤ ቀኑን ሙሉ ሌንስ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ።

የዶሮ ቀይ ሕዋስ እንደ ሰው አይደለም። ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው፤ መሃሉ ላይም ጠቆር ያለ ፍሬ አለው። መጽሐፍ ላይ አንብቤው አውቃለሁ፣ ዓይኔ ግን እንደ ጀማሪ ተደናገረ። ቆይቶ ለመደ። ከፍሬው ጎን ሌላ ነገር አለ፦ ትናንሽ፣ ድፍን፣ ሐምራዊ ነጠብጣብ። አንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ አንድ፣ አንዳንዱ ውስጥ ሦስት አራት። የሰው ወባ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ጨፍኜ ውጤቱን እጽፍ ነበር። ይህ ግን ሌላ ነው።

ዛሬ ስላይዱን በደረት ኪሴ ይዤ የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ፤ አርባ ደቂቃ በእግር። ወጣት ነው፣ ሥራ በዝቶበታል፣ ቆሞ ነው ያየው። "ይሄን ማን ሠራው?" አለ። "እኔ።" "ደሙን ጥሩ አድርገው ነው ያሰጡት፤ እኛ ጋ እንዲህ አይወጣም።" ይህን ስጽፍ አፍሬያለሁ፣ ግን ስመለስ መንገዱ አጠረልኝ።

የደም ተውሳክ ነው አለ። በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት አዘዘ። ልወጣ ስል "መዥገር ይፈልጉ፣ እሱ ነው የሚያዛምተው" አለኝ። ከሰፊዋ ጋር ዶሮዋን ላባዋን እየገለጥን ከራስ እስከ እግር አየናት። አንድም መዥገር የለባትም።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ቀይዋ በላች። ሰፊዋ ከመንገዱ ማዶ "ጋሼ! ጥሬ እየለቀመች ነው!" ብላ ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

ልጄ ደወለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። "አባዬ፣ ቤቱን ሽጠውና ና፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ?" ትላለች ሁልጊዜ። ዛሬ "ሥራ ይዣለሁ" አልኳት። ስለ ዶሮዋ ስነግራት ሳቀች። "እማዬ ዶሮ ስትነካ 'እጅሽን ታጠቢ' እያልክ የምታሳብዳት አንተ አልነበርክ?" ነበርኩ።

ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዶሮ ነበራት። ቤታቸውን ራሷ ነው የሠራችው፤ ሳንቃውን ከፈረሰ መጋዘን አምጥታ፣ ቆጡን ከአንድ ረጅም ወፍራም እንጨት ጠርባ። ከቀብሯ በኋላ ዶሮዎቹን በአንድ ሳምንት ውስጥ አድዬ ጨረስኩ፤ ድምፃቸውን አልቻልኩም። ባዶ ቤታቸው ዓመት ከአራት ወር ጓሮ ውስጥ ቆመ። በየካቲት አፈረስኩትና እንጨቱን ለአራት ቤት ሰጠሁ፦ ቆጡን ለሰፊዋ፣ የጎኑን ሳንቃ ለጡረተኛው ሾፌር፣ በሩን ለአስተማሪዋ፣ የቀረውን ለመጋዘን ጠባቂው። ሁሉም "ነፍሷን ይማር" እያሉ ተሸክመው ሄዱ። የእሷ ነገር በየቤቱ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል ብዬ ነው። አሁንም ደስ ይለኛል።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ሾፌሩ አውራ ዶሮውን እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ አመጣው። "ዶክተሬ፣ ሞተሩ አይነሳም፤ ባትሪውን እይልኝ።" ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፣ ሁሉ ነገር ለእሱ ሞተር ነው። ደሙን አየሁ። ያው ሐምራዊ ነጠብጣብ። መድኃኒቱን ነገርኩት። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ፣ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ስለበላው ሳጥን ሙሉ ብርቱካን አጫውቶኝ ሄደ። ሳቄን ራሴ ሰማሁት።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሦስት ሰው። አስተማሪዋ፣ ጠባቂው፣ እንደገና ሾፌሩ። ወንበር አነሰ፤ ጠባቂው የባለቤቴ የልብስ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። የሾፌሩ አውራ ዶሮ የአስተማሪዋን ዶሮ ሊጣላ ሲል ጠባቂው በመሃል ገብቶ እጁን ተነቆረ።

ጸጉሬን ተስተካክያለሁ።

ቀለሙ ያረጀ ይመስለኛል። ሠላሳ ደቂቃ አይበቃውም፣ ወደ አርባ አምስት አድርጌዋለሁ። ጥራት ይሻላል።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ሰፊዋ ዛሬ ዶሮ ይዛ አልመጣችም፤ የቀይዋን መድኃኒት ለማስጨመር ነው። እግረ መንገዷን ስለ ነጯ ዶሮ ነገረችኝ። ነጯ የእሷ አይደለችም፣ የልጇ ናት። ልጅቷ ሥራ ፍለጋ ባሕር ከመሻገሯ በፊት ከጫጩትነት በእጇ ያሳደገቻት ናት። በስልክ መጀመሪያ የምትጠይቀው የነጯን ነው፣ ቀጥሎ የእናቷን። ሰፊዋ ስልኩን ቆጡ አጠገብ ትይዛለች፣ ልጅቷ ከዚያ ማዶ ትጠራታለች፣ ነጯም ቋ ቋ ትላለች።

"አስተርጓሚ አይፈልጉም፤ ሁለቱ ይግባባሉ" አለችኝ እየሳቀች። ቀጥላ ግን "ነጯ ከታመመች እኔ አልተርፍም ጋሼ" አለች። "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ከወጣ ቆይቷል።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ቀይዋ እንደገና ወደቀች። የሾፌሩም አውራ ዶሮ። መድኃኒቱን በልኩ ነው የሰጠኋቸው፣ መዝግቤያለሁ።

የዳነ በሽተኛ ከተመለሰ ወይ መድኃኒቱ አልሠራም ወይ ምንጩ አልደረቀም። ይህን ለስንት ጀማሪ አስተምሬያለሁ።

የስላይዶቹን ዝርዝር በመስመሩ ውስጥ በወጉ ጻፍኩት። አሥራ ዘጠኝ ናሙና። ከሰፊዋ፣ ከሾፌሩ፣ ከአስተማሪዋ፣ ከጠባቂው። ከዳቦ ጋጋሪው አንድ መጥቶ ነበር፣ ንጹሕ ነበር። ጥግ ላይ ካለችው አሮጊት ሁለት፣ ንጹሕ።

አራት ቤት።

ልጄ ደውላ ነበር። ምን እንዳወራን አላስታውስም።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

የዶሮ መዥገር እንደ ከብት መዥገር ገላ ላይ ተጣብቆ አይውልም። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል፣ ዶሮዎቹ ሲሰፍሩ ወጥቶ ይጠባል፣ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ዶሮዋን ብናገላብጥ ምን ሊገኝ! ዛሬ ጠዋት ከአሮጌ መጽሐፍ አነበብኩት። ቀድሜ ማንበብ እችል ነበር።

ሲመሽ ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። "ዶሮዎቹ ሲያንቀላፉ አተነፋፈሳቸውን ልይ" አልኳት። ደንበኛ ስለነበረባት ብቻዬን ጓሮ ገባሁ። ባትሪውን ከቆጡ ሥር አበራሁ። በስንጥቁ ጠርዝ ላይ እንደ ምስር ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ነገሮች። አንዱን በመቆንጠጫ ይዤ ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩ። ሌሎቹ ብርሃን ሲነካቸው ተመለሱ። እንጨቱን አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ስትጠርበው መጥረቢያው የሳተበት ቦታ ላይ ነው እጄን ያሳረፍኩት።

በየካቲት ሰፊዋ "ጋሼ፣ በፈላ ውሃ ልጠበው?" ብላኝ ነበር። ሳቅኩ። "ዓመት ከአራት ወር ባዶ የቆመ ቤት ነው፣ ደም የሚጠባ ነገር ደም ካጣ ይሞታል፤ ይሄ ሳይንስ ነው" አልኳት። ሾፌሩንም እንዲሁ አልኩት። ከእኔ አፍ ስለወጣ አመኑ። እሷ ማን ነኝ ብላ ትከራከረኝ? ሠላሳ አንድ ዓመት ነጭ ካፖርት የለበስኩ ሰው ነኝ።

አጥቤው ቢሆን ኖሮ! አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ነበር የሚፈጀው።

ነገ ጠዋት ለአራቱም እነግራቸዋለሁ። እንጨቱ ይቃጠላል፣ በሽታው ያበቃል። ነገሩ ቀላል ነው።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

አልተመቸም። ሰፊዋ ጋ ሦስት ሴቶች ልብስ እየለኩ ነበር። በሰው ፊት አይባልም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። "የዶሮ መዥገር ያለ ምግብ ምን ያህል ይቆያል?" "ሁለት ዓመት፣ ሦስትም ይሄዳል። ምነው፣ አገኙ እንዴ?" "አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው።"

ለምን እንዲህ አልኩት? ሐኪሙ ምን አገባው፣ ቢያውቅስ?

አስተማሪዋ ዶሮዋን ይዛ መጥታ ነበር። ልጽፍላት የሚገባው "እንጨቱን አቃጥዪው" የሚል ነበር። የጻፍኩላት ያንኑ መድኃኒት ነው። ደግሞ እኮ መድኃኒቱ ይሠራል፣ ለጊዜው።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ሾፌሩ እኔ ጋ ዋለ። ዶሮው ተሽሎት ወጥ ቤቴ ውስጥ ይዞራል። ቀለሙን ወደ አንድ ሰዓት አራዘምኩት። "ዶክተሬ፣ ይሄ ቀለም እንደ እኔ መኪና ነው፣ በየቀኑ ይብስበታል" አለ። ሳቅኩ። ሻይ ደገምኩለት።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ "ዶሮው ባይታመም እኮ አንተን የማየት ምክንያት አልነበረኝም" አለኝ። ቀልዱን ነው። ሌላውን ሁሉ ረስቼ ይህን ስደጋግም አመሸሁ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ልጄ "ድምፅህ ተለውጧል አባዬ፣ ደስ ይላል፤ ሰው ሰው ይሸታል" አለችኝ። ና ማለቱንም ዛሬ ተወችው።

ነገሩን በእርጋታ ላስብበት። ብነግራቸው ምን ይሆናል? ሰፊዋ በሬን አትረግጥም። ሾፌሩ በየመንገዱ ያወራዋል። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ይዛቸው የሄደች ያህል ሰዎቹ ጠፍተውብኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ እኔው በእጄ ላባርራቸው? ባልነግራቸውስ? ዶሮ ነው። መድኃኒት አለ። አንድም አልሞተም። ሞቅ ያለው ወር ሲያልፍ መዥገሩ ራሱ ይቀንሳል። ያኔ በዘዴ "እንጨቱ አርጅቷል፣ ቀይሩት" እላቸዋለሁ፤ ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም ሳይቀየም።

ይህን የሚጽፈው ሰው ብልህ ነው። አላምነውም።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ነጯ።

ሰፊዋ ሩጣ መጣች፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። የነጯ ኩክኒ ወረቀት መስሏል። ከደሟ ውስጥ ያልተነካ ሕዋስ መፈለግ ነበረብኝ። ቀለሙን ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው ያቆየሁት፤ በሠላሳ ደቂቃ ጥርት ብሎ ወጣ።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ነጯ ጎህ ሲቀድ ሞተች። ውሃ በጠብታ እየሰጠናት ሁለት ቀን ተፈራረቅን። ሰፊዋ አላለቀሰችም። በቁራጭ ሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጠርዙን በእጇ ሰፋችው። ለዶሮ ጠርዝ ሲሰፋ ያየሁት ዛሬ ነው።

"ልጄ ማታ ትደውላለች። ምን ልበላት?" አለችኝ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር።

"አትንገሪያት" አልኳት። "ሰው አገር ናት፣ ለምን ልቧን ትሰብሪያለሽ? ሌላ ነጭ ፈልጊና ድምፅ አሰሚያት። ዝም አይነቅዝም።"

ቀና ብላ አየችኝና "እስቲ" ብላ ወጣች።

ምክሩን ለማን እንደሰጠሁት አውቃለሁ።

የእኔ ልጅ ስትደውል ስልኩን አላነሳሁም።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ነግራታለች።

ሰፊዋ ልትጠይቀኝ ሳይሆን ልትነግረኝ መጣች፤ በሩ ላይ እንደቆመች ነው ያወራችው። ልጅቷ ብዙ አልቅሳለች። ከዚያ ግን "እማዬ፣ ነጯን ከምጠይቅሽ አንቺን ብጠይቅሽ ኖሮ" ብላ፣ ሌሊቱን ሲያወሩ አድረዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አውርተው አያውቁም።

"እርስዎ ለደግ ነው ያሉኝ ጋሼ፣ ቅር አይበልዎት" አለችኝ። "እኔ ግን ልጄን ስዋሽ መኖር አልችልም። ድምፄን ታውቀዋለች።"

ለደግ ነው ያሉኝ አለች። እንዲህ ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ሰው እንዳይርቀኝ ብዬ ሰውነቴን ጣልኩ።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ከቀትር በፊት ሰፊዋ ጋ ሄድኩ። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። ብልቃጡን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መዥገር ነው። ከቆጥሽ ውስጥ የወጣ። በሽታውን ያመጣው እሱ ነው፤ እሱን ያመጣሁት ደግሞ እኔ። በፈላ ውሃ ልጠበው ስትዪኝ የከለከልኩሽ እኔ ነኝ።"

ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። "አላወቁም ነበር" አለች። "ሰው አይደሉ እንዴ? ይሳሳታሉ።"

ይህን ይዤ መውጣት እችል ነበር። ይቅርታው በእጄ ገብቶ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር።

"አውቄ ነበር" አልኳት።

"ከመቼ?"

"ዛሬ ሦስት ሳምንቴ።"

መኪናዋን መርገጧን አቆመች። ጣቷን እያጠፈች ሳምንታቱን ስትቆጥር አየኋት። ነጯ የታመመችው ባለፈው ዓርብ ነው።

"ለምን?" አለች። ድምፅዋ አልጮኸም።

እንዲህ ብዬ መመለስ እችል ነበር፦ ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ጊዜ አጣሁ። ሁሉም እውነት ነው። ያልኩት ግን "ዶሮዎቹ ከዳኑ አትመጡም ብዬ ነው" ነው።

ከዚያ ብልቃጡን መልሳ እጄ ላይ አኖረችና "ይሂዱልኝ ጋሼ" አለች። ጋሼ ማለቱን አልተወችም። ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ለሦስቱም ነገርኩ፣ ከነቀኑ። ጠባቂው ትከሻውን ሰበቀ። አስተማሪዋ "እኛ እኮ አምነንዎት ነው" አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ቢላተም ይሻል ነበር። ሾፌሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ፣ "የኔን ዶሮ ስቃይ ሻይ መጠጫ አደረግከው?" አለኝ። ዶክተሬ አላለኝም።

እንጨቱን ሁሉም አቃጠሉ። ከአራት ጓሮ ጭስ ሲወጣ ከደጄ ላይ አየሁ። የባለቤቴ እጅ ሥራ ነበር። ይቅር በዪኝ።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ማንም አልመጣም።

በየቤቱ ሄጄ የዶሮ ቤቱን ግድግዳ በፈላ ውሃና በኬሮሲን ላጥብላችሁ አልኩ። ሾፌሩ "እጅ አለኝ" አለ። ጠባቂው አስገባኝ፤ ሥራውን ስሠራ አላናገረኝም። ሰፊዋ በር ላይ ሳንኳኳ የመኪናዋ ድምፅ ቆመ፣ ቆይቶ እንደገና ጀመረ። ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ተመለስኩ።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ልጄ ደወለች። ሁሉን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። "አባዬ፣ እኔም እኮ እሑድ ብቻ ነው የምደውለው" አለች። አለቀሰች። እኔም። ወደ እሷ እንድሄድ ዛሬ ብትጠይቀኝ እሺ እል ነበር። አልጠየቀችኝም፤ "አሁን ብትመጣ ሸሽተህ ነው" አለች። እናቷን ነው የመሰለችው።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ዝናብ። ማይክሮስኮፑን አጽድቼ ሸፈንኩት።

ዳቦ ጋጋሪው አለፈ፣ አንገቱን ነቀነቀልኝ። ሰምቷል አልሰማም፣ ከፊቱ ላነብ ሞከርኩ። ዳቦውን ይዞ ሄደ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ከሾፌሩ ቤት ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ፣ በደህና ድምፅ። ሁሉም ሳይድኑ አልቀሩም። በመዝገቡ ልጽፈው ብዬ ናሙና እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። ናሙና ከሌለ ውጤት አይጻፍም። ግን ድነዋል፣ ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱም በአንድ ቀን ይሆናሉ።

ሻይ ለሁለት ሰው አፍልቼ ግማሹን ደፋሁት። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከመነሳቴ በፊት ሦስት ጊዜ።

ሰፊዋ ናት። እጇ ባዶ ነው። እርጥብ ጃንጥላዋን እንኳ አላጠፈችም።

"ዶሮ ታመመ?" አልኩ።

"ዶሮ አልታመመም። ልጣላዎት ነው የመጣሁት" አለች። "ያን ቀን ደንግጬ ስለነበር በወጉ አልተጣላሁም። ሁለት ሳምንት መኪናዬ ላይ ሆኜ ስጣላዎት ነው የከረምኩት። ሁለት ቀሚስ አበላሽቻለሁ።"

ወንበር ሳብኩላት። ተቀመጠች። ሻይ ላፍላ ስል "አልፈልግም" አለች፣ ከዚያ "አፍሉት" አለች።

ከዚያ ጀመረች። ስለ ነጯ ተናገረች። ያን ዓርብ ስትሮጥ መንገድ ላይ ስለቀረው ጫማዋ ተናገረች። ሰማያዊ ጨርቁን ስትሰፋ አጠገቧ ቆሜ እንደነበር፣ አጠገቧ ቆሜ እያወቅኩ ምክር እንደሰጠኋት ተናገረች። አንዱንም አላስተባበልኩም። በመጨረሻ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

"ከቤትዎ እስከ ቤቴ ስንት እርምጃ ነው? ስንት ነው ጋሼ? ሰው ናፈቀኝ ብለው መንገዱን ቢሻገሩ ምን ይሉኝ መሰለዎት? እኔስ ልጄ ከሄደች ወዲህ ከማን ጋር የማወራ መሰለዎት? ከመርፌ ጋር ነው! ቀይዋን ያን ቀን ይዤ ስመጣ እኮ እንደምትሞት ወይ እንደምትድን ለማወቅ ብቻ አልነበረም!"

"አላወቅኩም ነበር" አልኩ።

"ይሄንንስ አላወቁም!" አለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ሻይዋንም ጠጣች።

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ስትነሳ ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ጃንጥላዋን አንስታ በሩ ላይ ዞር አለች።

"አልጨረስኩም" አለች። "ነገም እመጣለሁ።"